ጥርኝ ውሃ፦ የበላዔ ሰብእ ሥዕል በኡራ ኪዳነ ምሕረት

«ጋሼ፣ እውነት ልጁን በላው?» አለችኝ የእኅቴ ልጅ።

ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥር ቆመን ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን፣ በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ወጥተን፣ ጫማችንን አውልቀን ገና መግባታችን ነው። ዐይኗ ያረፈው የሰው ሥጋ በያዘው ሰውዬ ላይ ነበር።

በላዔ ሰብእ ነው። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ስለተጻፈ፣ በየቤተ ክርስቲያኑም ስለተሣለ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ያውቀዋል፤ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት በየዓመቱ ይነገራል። አገሩ ቅምር ነው። ሲጀመር ደግ ሰው ነበር፤ እንደ አብርሃም እንግዳ ካልመጣ እህል የማይቀምስ። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጣና «ልጅህን እረድልኝ» አለው። አረደለት። ሥጋውን ቀድሞ እንዲቀምስም አዘዘው፤ ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አላሻውም። ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ።

«ግሩም እኮ ክፉ ነበር» አለች ልጅቱ።

ግሩ «ዲስፒኬብል ሚ» የተባለው የካርቱን ፊልም ባለታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በመጀመሪያው ክፍል ጨረቃን ሊሰርቅ ይነሣል፤ ለተንኮሉ ብሎ ከማሳደጊያ ያወጣቸው ሦስት ልጆች ግን ልቡን ይለውጡታል። ፒዬር ኮፋንና ክሪስ ሬኖ በ2013 ባቀረቡት በክፍል ሁለት ጨርሶ አባት ሆኗል፤ ተንኮሉን ትቶ ማርማላታ ያመርታል። በትንሿ ልጁ በአግነስ ልደት ትመጣለች የተባለችው የተረት ልዕልት ስትቀር፣ ያ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ሮዝ ቀሚስ አጥልቆ ራሱ ልዕልቷን ይሆናል። ልጅቱ ይህን ቦታ እየመለሰች ስታየው አብሬያት አይቻለሁ፤ እኔም በጣም እወደዋለሁ።

ግሩን ከክፋቱ የመለሱት ልጆቹ ናቸው። በላዔ ሰብእ ግን የሚመልሰው ልጅ አልቀረለትም። መንገድ ላይ ያገኘው ገላው የቆሰለ፣ ውሃ የጠማው ለምጻም ነው። «ስለ እግዚአብሔር» ብሎ ለመነው፤ እንቢ አለ። «ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት» አለው፤ አሁንም እንቢ። «ስለ ማርያም» ሲለው ግን እጁ ተፈታ፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ይህ ልመና ዛሬም ባሕር ዳር ውስጥ በየደጀ ሰላሙ ይሰማል።

ሥዕሉ የተሣለው በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይደለም። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሸማ ይለጠፍበታል፤ ቀለሙ የሚያርፈው በሸማው ላይ ነው። ሠዓሊው አንዱን ሰው በተከታታይ ደጋግሞ ይሥለዋል፦ ሲበላ፣ ውሃ ሲሰጥ፣ ሞቶ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን። የካርቱን ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል እያሳለፈ ግሩን ያራምደዋል፤ እዚህ ሥዕሉ ቆሞ ተመልካቹ ይራመዳል። በቆየው የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዐይን። በላዔ ሰብእን በየገዳሙ ስታገኙት ዐይኖቹን ቁጠሩ።

እኔን የሚይዘኝ ሚዛኑ ነው። በአንዱ ሳህን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኟ ውሃ። ሰይጣን ነፍሱን ሊረከብ አሰፍስፏል። እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍባት ውሃዋ አመዘነች። ምሕረቱ ሁሌም ያስደንቀኛል፤ ከምሕረቱ እኩል ግን የሚነካኝ ሠዓሊው የተበሉትን ከሥዕሉ አለማስወጣቱ ነው። ፊልሙ ግሩ የበደላቸው ሰዎች ምን እንደ ሆኑ ሳያነሣ ያልፋል፤ አስቆን፣ ሉሲ የምትባለዋን ሰላይ ድሮለት ይጨርሳል። ግድግዳው ላይ ግን በዳዩ ሲማር ተበዳዮቹ እዚያው ሳህኑ ላይ አሉ፤ ሁሉም ሰው ያያቸዋል።

ባለጀልባው ነፋስ ሳይነሣ እንድንመለስ ነግሮን ስለነበር «በይ እንሂድ» አልኳት። አልተንቀሳቀሰችም። ሳህኑ ላይ የተደረደሩትን ራሶች በጣቷ አንድ በአንድ እየጠቆመች ነበር።

«ምን እየቆጠርሽ ነው?»

«ልጁን እየፈለግሁት ነው» አለችኝ።