ፌስታሉ ከየት በር ይወጣል?

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት ቲማቲም መዘኑልኝና ግራ ቀኝ አዩ። ከተቀመጡበት ዱካ ሥር ጥቁር ፌስታል መዘው አወጡ፣ አፉን ቋጠሩና «ልጄ፣ ቶሎ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው» አሉኝ። የአንድ ኪሎ ቲማቲም መያዣ በስውር የሚቀባበሉት ነገር መሆኑ ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ተመልሼ ሄጄም አነጋገርኳቸው።

«እኔ አልሠራሁት» አሉኝ። «ከጅምላ አከፋፋይ በእስር እገዛለሁ፤ ደንበኛ ደግሞ በነጻ ይወስደዋል። ደንብ አስከባሪዎች ሲመጡ የሚታያቸው የኔ መደብ ነው። ያ አከፋፋይ መጋዘን አለው፣ በር አለው፤ የኔ ሸራ በር የለውም።»

የሚፈሩት በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ነው። ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ይህ ገንዘብ ለጉሊት ቸርቻሪ የመደቡን ዕቃ በሙሉ ሊውጥ ይችላል።

ሕጉ ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ፌስታሎች ላይ በአፈር ውስጥ የሚበሰብሱ ወይም የማይበሰብሱ መሆናቸው እንዲጻፍም አዝዟል። 0.03 ሚሊ ሜትር ከአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት ያንሳል። ይህን የትኛው ባለሱቅ፣ የትኛው የወረዳ ሠራተኛ በዓይኑ ይለየዋል? መለካት የሚቻለው ፋብሪካ ውስጥና ጉምሩክ ላይ ነው። እዚያ ሳይለካ ቀረ፤ ስሱ ፌስታልም 18 ዓመት ሙሉ ገበያውን ሞልቶ ኖረ።

ጎረቤታችን ኬንያም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ልክ እንደኛ በ0.03 ሚሊ ሜትር ጀመረች፣ አልሆነም። በ2011 ገደቡን ወደ 0.06 ከፍ አደረገች፣ አሁንም አልሆነም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ውፍረት መለካቱን ትታ ማምረቱንም፣ ማስመጣቱንም፣ መጠቀሙንም በአንድ ጊዜ ከለከለች፤ ቅጣቱንም እስከ አራት ዓመት እስራት አደረሰችው። ሩዋንዳ በ2008፣ ኤርትራ ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ በ2005 አግደዋል። ባንግላዴሽ በ2002 ስትከለክል ምክንያቷ ጎርፍ ነበር፤ ፌስታል የዳካን የውኃ መውረጃዎች ደፍኖባት ነበር።

የፌስታል አነሣስ ራሱ ያስገርማል። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ንድፉን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ1965 ፓተንት አግኝቶበታል። ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ያሰበው ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ማዳን ነበር፤ እሱ ራሱም አንዷን ፌስታል አጣጥፎ በኪሱ እየያዘ ደጋግሞ ይጠቀምባት ነበር። እኛም ብንሆን ስኳርና ቡና በጋዜጣ ጥቅልል ስንገዛ፣ እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ሲወጡ የኖርን ነን።

ታዲያ ዘንቢሉ ለምን አይመለስም? ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው።

«ዘንቢል የያዘ ደንበኛ ቢመጣልኝ ምን ከፋኝ? ወጪው የኔ ነው። ግን የምትገዛኝ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ከታክሲ ወርዳ ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ስትወጣ ማታ ቲማቲም እንደምትገዛ በምን ታውቃለች? ፌስታል የለም ካልኳት ከጎኔ ካለችው ትገዛለች።»

ከመሀል ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ እውነት ነው። አዋጁ ያልደረሰበት እውነትም ይኸው ነው።

ቲማቲሙ ቤት ደርሶ ፌስታሉ ሲጣል፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ከሌላው ጋር ቀላቅለው ያነሡታል። የውኃ ፕላስቲኩ፣ ሁላችንም ሃይላንድ የምንለው፣ ገዢ ስላለው ቁራሌው ይለቅመዋል። ፌስታል ግን ቆሻሻ የነካው፣ ሚዛን የማያነሣ ነው፤ የሚለቅመው የለም። ነፋስ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፣ ከብት ይበላዋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል።

«ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ይደፈንና ውኃው መደቤ ላይ ይወጣል» አሉኝ ሴትዮዋ። «ጉዳቱን የማላውቅ መሰለሽ? ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሌላ መያዣ ያምጡልኝና ዛሬውኑ ልተወው።»

ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ፣ ስንት አምራች እንደተፈተሸና ለቸርቻሪው ምን ምትክ እንደቀረበ ጠየቅኳቸው። «በስልክ መረጃ አንሰጥም» አሉኝ። በአካል ስሄድ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በጽሑፍ ላስገባሁት ጥያቄም እስካሁን መልስ አልመጣም።

አዲሱን አዋጅ እደግፈዋለሁ፤ ከቀድሞው ይሻላል፣ መለኪያ የሚጠይቅ ማምለጫም አልተወም። አፈጻጸሙ ግን ከየት እንደሚጀምር ያሳስበኛል። ቂሊንጦ ያለበት አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን ክፍለ ከተማ ነው። ፌስታል ተሠርቶና ተጭኖ የሚወጣበትን በር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የክፍለ ከተማው ኃላፊዎች ሆይ፣ ቁጥጥሩን ከዚያ ጀምሩ። በየወረዳው የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች የጨርቅና የወረቀት መያዣ ሠርተው በጉሊቱ አቅም እንዲያቀርቡ ቦታና ብድር ስጡ። ይህ እስኪሆን ድረስ ቅጣቱን ከጉሊት እናቶች ላይ አንሡ።