ትንሹ ነጋዴ በምን ይበልጣል?

ከፋ ውስጥ፣ ቢታ ገነት ላይ ማር የሚነግድ ወዳጅ ቢኖራችሁና «ትልልቆቹ ገዢዬን ወሰዱብኝ፤ ዋጋ ልቀንስ እንዴ?» ብሎ ቢያማክራችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ «እንዳታደርገው!» ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ትልቅ ኩባንያ በርካሽ መሸጥ የሚችለው ብዙ ስለሚገዛ ነው። ብዙ ለመግዛት ከየቦታው መሰብሰብ አለበት። የሰበሰበውን ደግሞ ይቀላቅለዋል፤ ደንበኛው ዘንድሮ የቀመሰውን ጣዕም ለከርሞም ይፈልጋላ! በዚህ መሐል የቢታ ማር ከሌላው ጋር አንድ በርሜል ይገባና ስሙም ጣዕሙም እዚያው ይቀራል። ትንሹ ነጋዴ ግን ሳይቀላቅል መሸጥ ይችላል። ትልቁ ይህን ላድርግ ቢል ያ ሁሉ የርካሽነት ስሌቱ ይፈርስበታል።

እስቲ ማሩን ቀረብ ብለን እንየው። የከፋ ንብ አናቢ ቀፎውን ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ከጌተም ዛፍ አበባ የተቀሰመው ማር ነጭ ነው፤ ብሳናና ግራዋ ሲያብቡ የሚገኘው ቀለሙም ጣዕሙም ሌላ ነው። ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ግን ሁሉም «ማር» ብቻ ይሆናል። ገዢው ቆም ብሎ «ኪሎው ስንት ነው?» ይላል፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለማ። ያንኑ ማር ሰፈፉን አጥርታችሁ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ «የጌተም አበባ ነጭ ማር፣ ቢታ» ብላችሁ፣ ቀበሌውንና የተቆረጠበትን ወር ጨምራችሁ ጻፉበት። አሁን ገዢው ጌተም ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥቶ ያያል። ዋጋውን መጠየቁ አይቀርም፤ የሚጠይቀው ግን የዚያን ማር ዋጋ ነው።

«ስም ይህን ያህል ያወጣል?» ለምትሉኝ፣ የአሜሪካውን ቡና ሻጭ ኩባንያ የስታርባክስን ነገር አስታውሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ሽርክና የኛው ቃል ነው፤ ሲዳሞም የኛው አገር! በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ስትጠይቅ፣ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋም ጉዳዩን ሕዝብ ዘንድ አደረሰው፤ ለኩባንያው የተቃውሞ መልእክት ጎረፈ። ሰኔ 2007 ላይ ስታርባክስ ስሞቹን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ፣ ኢትዮጵያ ስሞቹን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች ፈቃድ የምትሰጠው ያለ ክፍያ መሆኑ ነው። ታዲያ ምን ተጠቀመች? ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ስሙ በየመደብሩ ሲታይ ጠጪው በስሙ መጠየቅ ይጀምራል፤ በስሙ ሲጠየቅ ደግሞ ገዢው ኩባንያ ቡናውን በሌላ መተካት ይከብደዋል። ያኔ ሻጩ ዋጋ ለመደራደር አቅም ያገኛል። ለጠርሙሷ ማርም ስሌቱ ያው ነው።

የከፋ ሰው ደግሞ በስም ሀብታም ነው። የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎችም አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ማንም ኩባንያ በገንዘብ አይገዛውም።

ስም ብቻውን ግን ዕቃ አይሞላም። ቡና ውጭ አገር የሚላክበት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ያህል ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ቡና ማለት ነው። ይህን አንድ ገበሬ ከየት ያመጣዋል? የከፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች በዩኒየን የተሰባሰቡት ለዚህም ነው። ለማር ነጋዴውም ምክሬ ይኸው ነው፦ ጎረቤቱን እንደ ተቀናቃኝ ከማየት ይልቅ፣ አብረው አንድ ምልክት ቢያወጡ፣ ጠርሙሱንም በጅምላ ቢገዙ ይሻላቸዋል።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ስኳር የተቀላቀለበት አንድ ጠርሙስ ከወጣ፣ ጉዳቱ ያንን ስም የያዘውን ሁሉ ይነካል። ውሃው የበዛ ማርም መንገድ ላይ ይቦካል። ስለዚህ በአንድ ምልክት የሚሸጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ማር ቀምሶ፣ ያልሆነውን የመመለስ መብት ሊኖረው ይገባል። ይህ ያስቀይማል፤ ግን ካልተደረገ ምልክቱ አይቆይም።

ቢታ ገነት የሚነግድ ዘመድ ያላችሁ ይህን አድርሱልኝ፦ መጀመሪያ ቀበሌውንና ወሩን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ የራሱን ምልክት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግብ። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሲያበቃም ይታደሳል።