ተማሪው መሰልቸቱን ያወቀው ወንበር

ተማሪው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል፣ መቀመጫውና መደገፊያው ላይ የተነጠፉ ግፊት ለኪ መሣሪያዎች ለውጡን ይመዘግባሉ። ካሜራው ፊቱን ይከታተላል፤ ቅንድቡ ዝቅ፣ ዐይኑ ጠበብ ካለ ግራ ገብቶት ሊሆን ይችላል። የሚጽፋቸው መልሶች ጥራትና የወሰዱበት ጊዜም ይታከላሉ። ሶፍትዌሩ ሦስቱን አገናዝቦ ተማሪው ተመስጦ ይሁን ሰልችቶት፣ ግራ ገብቶት ይሁን ተበሳጭቶ ይገምታል።

ይህ በአሜሪካ ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ እነ አርት ግሬሰርና ሲድኒ ዲሜሎ የሠሩት አውቶቱተር ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞም ተማሪውን እያወያየ ስለ ኮምፒውተር መሠረታዊ ዕውቀት ያስተምር ነበር፤ ስሜት መለየት የቻለው ኋላ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምርምር መንገዱን የጠረጉት የኤምአይቲዋ ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነበር።

ስሜቱን ካወቀ በኋላስ ምን ያደርጋል? ተማሪው ሲበሳጭ ጥፋቱን ከእሱ ላይ አንሥቶ በትምህርቱ ክብደት ያሳብባል፤ ርዕሱ ብዙዎችን እንደሚያስቸግር ነግሮ አይዞህ ይለውና ትምህርቱን ይቀጥላል። በሙከራው ከዚህ የተጠቀሙት ስለ ትምህርቱ ብዙም የማያውቁት ናቸው፤ ለጎበዞቹ ማበረታቻው የጨመረላቸው ነገር አልነበረም። ደካሞቹም ቢሆኑ ለውጥ ያሳዩት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ማጽናኛ የሚሠራው ተማሪው ታግሎ ሲቸገር እንጂ ገና ከጅምሩ አይደለም ማለት ነው።

ግራ መጋባት በራሱ ክፉ አይደለም። የያዘው ሐሳብ ከአዲሱ ጋር የተጋጨበት ተማሪ ቆም ብሎ ያስባል፤ መውጫውን ካገኘም ጠለቅ ብሎ ይማራል። ክፉው መሰልቸት ነው። ራያን ቤከርና ባልደረቦቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ሦስት የኮምፒውተር መማሪያዎችን ይዘው ባወጡት ጥናት፣ መሰልቸት አንዴ ከያዘ ቶሎ እንደማይለቅና ከማጭበርበር ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። የሰለቸው ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ የፍንጭ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ የመጨረሻው ፍንጭ መልሱ ራሱ መሆኑን ደርሶበታላ!

ችግሩ፣ ፊት ሁልጊዜ የልብን አይናገርም። ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቻቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ፣ የፊት እንቅስቃሴን ብቻ አይቶ ስሜትን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል አስረድቷል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ በትምህርት ተቋማት የሰውን ስሜት ከፊቱና ከመሰል አካላዊ ምልክቶች የሚገምቱ ሥርዓቶችን ከልክሏል።

ካሜራውና ወንበሩ ግን የግድ አይደሉም። ተማሪው አንድ ጥያቄ ላይ የቆየበት ጊዜ፣ የስህተቱ ድግግሞሽ፣ ፍንጭ ለመጠየቅ የቸኮለበት ፍጥነት ብዙ ይናገራሉ። ይህን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አይገዛም፤ የልጁም ፊት አይቀረጽም። ግምት እስከሆነ ድረስ መሳሳቱ አይቀርምና ውሳኔው የመምህሩ ይሁን። ሃምሳ ልጅ ለሚያስተምር ሰው፣ የትኛው ተማሪ የት ላይ እንደተያዘ በጊዜው መጠቆሙ ብቻ ትልቅ እገዛ ነው።