ከካፋ ኮረሪማ እስከ ሼፏ ድስት

ቦንጋ፦ ሼፍ ገነት አጎናፍር በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ምግብ ቤታቸውን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስማቸውን ያስጠራው ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ፣ በርበሬም ያለ ኮረሪማ አይጣፍጥም፤ ኮረሪማ ደግሞ በካፋ ጫካ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቅመም ነው።

ባለሙያ የሚገዛው መዓዛውን ነው። ፍሬው ሳይቀላ ከተለቀመ መዓዛው ይደክማል፤ እርጥብ መሬት ላይ ከተሰጣም ይሻግታል። ጭስ ላይ ማንጠልጠልም ሽታውን ይለውጠዋል። እንደ ቡናው አልጋ ላይ ማድረቅ ይሻላል።

እንሰት ፍቆ ቆጮ ማብላላት፣ ቅመም መርጦ ማመጣጠን የካፋ እናቶች ሙያ ነው። የሙያ ኮሌጆች እነዚህን እናቶች ለተግባር ትምህርት ቢጋብዙ፣ የምግብ ዝግጅት ሠልጣኞች የበሰለውን ኮረሪማ ከጥሬው በአፍንጫቸው መለየት ይማራሉ። ወረዳዎችም ይህን ከመጪው ለቀማ በፊት ማመቻቸት ይችላሉ።