የጓዳ ኮተትና የጎታ ነቀዝ

የፎገራ ገበሬ ብዙ ይደክማል። ክረምቱን ከውሃና ከጭቃ ጋር ታግሎ ሩዝ ያመርታል። ሩዙ ሲነሳ ደግሞ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያ ይዘራል። ታዲያ ይህን ያህል ተለፍቶበት የገባ እህል ሐምሌና ነሐሴ ሳይደርስ ለምን ያልቃል? ሁሉንም ሰው በልቶት ነውን? አይደለም። ከፊሉን የሚበሉት ነቀዝና አይጥ ናቸው። ማደሪያ የሠራንላቸው ደግሞ እኛው ነን።

እስቲ ወደ ጓዳችሁ ገብታችሁ ተመልከቱ። የተቀደደ ጆንያ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ የደረቀ አቁማዳ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን አይጠፋም። «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» እየተባለ የተከማቸ ነው። ይህ ኮተት ይባላል። አይጥ ከኮተት ሥር ትወልዳለች። አርግዛ የምትቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ትወልዳለች።

የነቀዝ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሴቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ ትበሳና እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። ትሉ ፍሬውን እየበላ ያድጋል። በሙቀት ጊዜ ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በአሮጌ ጆንያ ስፌት ውስጥ የቀረ አንድ እፍኝ እህል አዲሱን ጎታ ሊያስነቅዝ ይችላል ማለት ነው። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ፍሬው ትንሽ ነዋ! በቆሎና ማሽላ ግን ያልቃሉ። ያለቀውን እህል በክረምት፣ ዋጋው በናረበት ጊዜ፣ ተበድረን እንገዛዋለን።

ምን ይደረግ? በጥቅምት ዝናቡ ሲያባራ፣ አዲሱ እህል ሳይገባ፣ አንድ ቀን ምረጡ። ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አውጡ። ጎታውን ጥረጉ፤ ጥራጊውንም አቃጥሉ። ስንጥቁን በጭቃና በእበት ምረጉ። ጆንያውን በፈላ ውሃ ነክራችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ከዚያ ዕቃውን አንድ ባንድ እያያችሁ መልሱ። ዓመት ሙሉ ያልተነካው ይሸጥ፣ ለሚፈልግ ይሰጥ፣ ካልሆነም ይጣል። አሮጌውን እህል ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ።

የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ለማንም አይሰጥም። ቢታጠብም እንኳ ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበት። መርዙ ታጥቦ አይጠራም። እንዴት እንደሚወገድ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ውሃ ሲመጣ እህል ፈጥኖ ቆጥ ላይ ይወጣል። ቆጡን ኮተት ከሞላው እህሉ የት ይውጣ?

እኔ ያረፍኩበት ቤት እንዲህ አድርገን ነበር። አሮጊቷ እናት የሟች ባለቤታቸውን ቀንበር ይዘው፣ «ይሄን እንኳ አትንኩብኝ ልጄ» አሉኝ። ቀንበሩ የተሰነጠቀ ስለሆነ «ማገዶ ይሁን» ብዬ ነበር። ልጅነቴ ነው ያናገረኝ። ቀንበሩ ተወልውሎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከጆንያዎቹ ሥር ደግሞ ጠፉ የተባሉ ሦስት ማጭዶች ወጡ። አባወራው እየሳቁ፣ «አራተኛውን ልገዛ ለወረታ ገበያ ብር ቋጥሬ ነበርኮ!» አሉ።