ከላሊበላ እስከ ጎንደር በአየር

በአዲስ አበባ ወሎ ሰፈር ለሚኖር ሰው መንገደኛ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ የሚዘልቀው ጎዳና ሰፈሩን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ሻንጣ የጫነ ታክሲ በመዓልትም በሌሊትም ከደጃችን አይታጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን፣ ታኅሣሥ 29 ቀን በዓለ ልደትን በላሊበላ አክብረው ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ጎንደር ለመድረስ ስእለት ነበረባቸውና፣ «ልጄ፣ ከዚያ እዚያ በሰማይ ምን ያህል ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ ርቀቱ ሌላ፣ ጊዜው ሌላ ነውና።

ርቀቱ አያስቸግርም። የላሊበላው አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በታች በሹምሽሃ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመው የጎንደሩ ደግሞ በአዘዞ አጠገብ ይገኛል። ከመጀመሪያው ተነሥተን ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 168 ኪሎ ሜትር ያህል ብንቆጥር፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ቀጥተኛ መሥመር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪና ግን ተከዜን እንደ ወፍ መሻገር ስለማይቻለው፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ጊዜውን የሚያሳስተው ማካፈል ነው። ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበራል ብሎ 180ን ለ600 ያካፈለ ሰው 18 ደቂቃ ያገኛል፤ ይህም በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቍጥር ከአንድ ኬክሮስ ያነሰ ነው፤ እነርሱ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ስለሚከፍሉት አንዱ 24 ደቂቃ ይሆናልና። ነገር ግን አይሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚሉና በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል፤ የላስታ ተራሮችም፣ ከ4200 ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ ሳይቀር፣ በቅርብ ስላሉ አብራሪው እንዳሻው ዝቅ ብሎ አይበርም፤ ሽቅብ ወጥቶ ገና ሳይደላደል ቍልቍለቱን ይጀምራል። የጊዜ ሰሌዳውም የሚቆጥረው በአየር ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ጎማው ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ስለሆነ፣ 18ቱ ደቂቃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል። ስለዚህም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር የነበረው የጥንቱ ዲሲ 3 አይሮፕላን በፍጥነት በግማሽ ቢያንስም፣ በዚህ አጭር መንገድ ጊዜው እጥፍ አልነበረም፤ መነሣቱና ማረፉ ለፈጣኑም ለዘገምተኛውም ድርሻውን ይወስዳልና።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ፣ ከላሊበላ ከተማ እስከ ሹምሽሃ ያለው ቍልቍለት ብቻውን የበረራውን ያህል እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ደቂቃውን ትተው፣ «ተከዜ በየትኛው ወገን ይታያል?» አሉኝ።

«ከበታችዎ ነው የሚያልፈው፤ በግራ ቢቀመጡ የመጣበትን፣ በቀኝ ቢቀመጡ የሚሄድበትን ያያሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በግራ አስቀምጡኝ እላለሁ» አሉ።