አንዲት ጠብታ ደምና ዘጠኝ ቢሊዮን ዶላር

የስኳር ሕሙማን ጣታቸውን በቀጭን መርፌ ወግተው በአንዲት ጠብታ ደም የስኳራቸውን መጠን ማወቅ ከቻሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ከዚያችው ጠብታ የኮሌስትሮል፣ የሆርሞን፣ የፖታሲየምና የሌሎች በርካታ ምርመራዎችን ውጤት በአንድ ጊዜ ማግኘት ለምን አይቻልም? ጥያቄው ተገቢ ሳይንሳዊ ጥያቄ ነው። መልሱን አግኝቻለሁ ያለው ቴራኖስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ግን በተመሠረተ በ15 ዓመቱ ፈርሷል፤ ሁለቱ ዋና መሪዎቹም ወኅኒ ወርደዋል።

ኩባንያውን በ2003 የመሠረተችው ኤልዛቤት ሆምስ ናት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወቅቱ የ19 ዓመት ወጣት ስትሆን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣ ወጣች። ኩባንያው ከባለሀብቶች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ በ2014 ዋጋው 9 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ። የቀድሞዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጆርጅ ሹልትስና ሄንሪ ኪሲንጀር በቦርዱ ተቀምጠዋል። የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ የደም ምርመራ ግን ሙያቸው አልነበረም። ከ2013 ጀምሮ ዎልግሪንስ በተባሉት የመድኃኒት መደብሮች ውስጥ ሕዝቡ ይመረመር ጀመር።

አሁን ወደ ጠብታዋ እንመለስ። ስኳር በደም ውስጥ የተትረፈረፈ ነው፤ በአንድ ሚሊዮንኛ ሊትር ደም ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ቢሊዮን ያህል የስኳር ሞለኪውሎች ይገኛሉ። አንዳንድ ሆርሞኖች ግን ከዚህ በሚሊዮን እጅ ያንሳሉ። በዚያ ላይ የስኳር መለኪያው ጠብታዋን ለብቻው ይጠቀምባታል እንጂ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አይካፈላትም።

ሁለተኛው ችግር ጣት ራሱ ነው። ጣት ሲጨመቅ ጥቂት ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ። በሕዋሳቱ ውስጥ በሊትር ወደ 140 ሚሊሞል ፖታሲየም ሲኖር፣ በዙሪያቸው ባለው ፕላዝማ ውስጥ ግን 4 ያህል ብቻ ነው። እስቲ እናስላ። ከአንድ ሊትር ደም 0.45 ሊትሩ ሕዋስ ነው እንበል። ከመቶ ሕዋሳት አንዱ ቢፈነዳ የ0.0045 ሊትር ይዘት ይፈሳል፤ ይህም በ140 ሲባዛ 0.63 ሚሊሞል ይሆናል። በ0.55 ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ሲሠራጭ የፖታሲየሙን መጠን በ1.1 ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ 4 የነበረው ከ5 ያልፋል። የጤናማ ሰው ወሰን የሚያበቃው ደግሞ እዚያው 5 አካባቢ ነው። እንግዲህ ምንም ያልጎደለው ሰው ልብህ አደጋ ላይ ነው ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ማቅጠን ነው። ኤዲሰን የተሰኘው የኩባንያው መሣሪያ የሚሠራው ጥቂት ምርመራዎችን ብቻ ስለነበር፣ አብዛኞቹ ከሌሎች ፋብሪካዎች በተገዙ መደበኛ መሣሪያዎች ይካሄዱ ነበር። ለእነዚህ ጠብታ ስለማይበቃ ናሙናው ይቀጥን ነበር። ናሙናውን አሥር እጅ ብናቀጥን የምናነበውን ቁጥር መልሰን በአሥር ማባዛት አለብን፤ መሣሪያው 0.1 ቢሳሳት ስሕተቱም አብሮ ተባዝቶ 1 ይሆናል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በቤተ ሙከራ ማስታወሻቸው ላይ የሚጽፉት ስሌት ነው፤ ገንዘብ ካፈሰሱት ስንቶቹ እንደጠየቁት እንጃ።

ኩባንያው ዘዴው የንግድ ምሥጢር ነው በማለት መረጃውን ለሌሎች ተመራማሪዎች አላቀረበም። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ጆን ዮአኒዲስ ይህንኑ በ2015 መጀመሪያ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ተቹ። ከውስጥም ወጣት ሠራተኞቹ ኤሪካ ቻንግና ታይለር ሹልትስ የውጤቶቹን መዛባት ለተቆጣጣሪዎች አሳወቁ፤ ታይለር የቦርዱ አባል የጆርጅ ሹልትስ የልጅ ልጅ ነው። በጥቅምት 2015 ጋዜጠኛው ጆን ካሪሩ ነገሩን በዎል ስትሪት ጆርናል አወጣው። በ2016 ኩባንያው በኤዲሰን የተሠሩ የሁለት ዓመት ውጤቶችን ሰረዘ፤ በ2018 ተዘጋ።

በጥር 2022 ሆምስ ባለሀብቶችን በማጭበርበር በአራት ክሶች ጥፋተኛ ተባለች፤ በኋላም 11 ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው ራሜሽ ባልዋኒም 13 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው እስራት ተቀበለ። በሆምስ የፍርድ ሂደት ላይ ቀደም ሲል ፅንስ የጨነገፈባት አንዲት እናት ቀርባ፣ በቴራኖስ ውጤት መሠረት የእርግዝና ሆርሞኗ በእጅጉ እንዳሽቆለቆለና ፅንሱ ሊጨነግፍ እንደሆነ ተነግሯት እንደነበር መስክራለች። በኋላ ጤናማ ልጅ ወለደች። ሕሙማንን በማታለል በቀረቡባት ክሶች ግን ዳኞቹ ሆምስን ነፃ አሰናብተዋታል።